ቢጫው መብራት ሲበራ

በዚህ ሳምንት የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም ታገሡኝ። ቤታችሁ ውስጥ መኪና የሚነዳ አባት፣ እናት ወይም አጎት አይጠፋም። ያ ሰው አንድ ቀን ስልክ ይደውልና «ኮምፒዩተር ታውቁ የለ? እስቲ ይህቺን መብራት እዩልኝ» ይላችኋል።

እኔ ጋ የደወሉት አጎቴ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራቸው መኪናቸው ናት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር ንጋት 4 ሰዓት ማለት ነው) ተነስተው ተሳፋሪ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳሉ። መኪናዋ የ2011 ሥሪት ናት፤ ብዙ ሠርታለች፤ ግን ታጥባ፣ ዘይቷ በጊዜው ተቀይሮ፣ በእንክብካቤ የተያዘች ናት።

እሳቸው በሚኖሩበት አካባቢ መኪና በየ2 ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለበት። ደብዳቤው መጥቶላቸዋል። ቀነ ገደቡ 18 ቀን ቀርቶታል። ከመሪው ፊት ለፊት ደግሞ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት በርታለች። ይህቺ መብራት እንደበራች ለምርመራ መሄድ ማለት መውደቅ ነው።

«ቦሎ ሳላገኝ ልቀር ነው» አሉኝ። ቦሎ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍለት ወረቀት ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። የመኪና አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ። ኮፈን የሞተሩ ክዳን ነው። ካንዴላ በሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ነገር ነው። ካቻቢቴ ብሎን መፍቻ ነው። ወላጆቻችሁ እነዚህን ቃላት ሲናገሩ ሰምታችሁ ምን እንደሆኑ ካልገባችሁ፣ አሁን ገባችሁ።

ጋሼ እኔ ጋ ከመደወላቸው በፊት ሁለት ነገር አድርገዋል። መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ሄዱ። ጋራዡ ኮዱን አንብቦ የኦክስጅን ሴንሰር ቀየረላቸውና 310 ዶላር አስከፈላቸው። መብራቷ ጠፋች። በ9ኛው ቀን ተመልሳ በራች። ሲመለሱ «እንግዲያው ካታላይቲክ ኮንቨርተሩ ሳይሆን አይቀርም» ተባሉ። ዋጋው 1,900 ዶላር። ጋሼ አመስግነው ወጡ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስቃል። በ20 ዶላር ትንሽ የኮድ ማንበቢያ ገዙ። ማንበቢያው «አጥፋ» የሚል ቁልፍ አለው። በምርመራው ዋዜማ ማታ ቁልፉን ተጫኑት፤ መብራቷ ጠፋች፤ ጠዋት ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ። መርማሪው መኪናዋን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ «ገና ዝግጁ አይደለችም፤ ነድተህ ተመለስ» አላቸው። ለምን እንዲህ እንዳላቸው በኋላ እነግራችኋለሁ። መብራቷም በሳምንቱ ተመልሳ መጣች።

«አንቺ የተማርሽው ኮምፒዩተር ነው። ይሄም ኮምፒዩተር ነው ይላሉ። እስቲ ነይ» አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ሄድኩ።

ማንበቢያው ያሳየው ኮድ ፒ0171 ነበር። ይህን ቁጥር አንድ ላይ እናንብበው፤ አንዴ ከገባችሁ ማንኛውንም የመኪና ኮድ ትገምታላችሁ። የመጀመሪያው ፊደል ችግሩ በየትኛው ክፍል እንዳለ ይናገራል። ፒ ከሆነ ሞተሩና ማርሹ አካባቢ ነው። ቢ የመኪናው አካል ነው፤ ኤርባግ፣ በር፣ መቀመጫ የመሳሰለው። ሲ ፍሬንና መሪ ነው። ዩ ደግሞ በመኪናው ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ነው። አዎ፣ ብዙ ናቸው። ከፊደሉ ቀጥሎ 0 ካለ ኮዱ በሁሉም አምራቾች ዘንድ አንድ ዓይነት ትርጉም አለው። 1 ከሆነ ግን አምራቹ ራሱ ያወጣው ነው፤ ያኔ የዚያን መኪና መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ቦታ 1 ሲሆን የአየርና የነዳጅ ጉዳይ ነው። 3 ሲሆን የእሳት ጉዳይ ነው፤ ካንዴላና የመሳሰለው። 4 ሲሆን ጭስን የሚቀንሱ መሣሪያዎች ጉዳይ ነው። 7 ሲሆን የማርሽ ነው። ለምሳሌ ፒ0301 ማለት የመጀመሪያው ሲሊንደር እሳቱን እየሳተ ነው ማለት ነው። ፒ0420 ማለት ካታላይቲክ ኮንቨርተሩ ጭሱን በሚገባ እያጣራ አይደለም ማለት ነው። የጋሼ ፒ0171 ደግሞ ድብልቁ ሳስቷል፣ አየር በዝቷል ወይም ቤንዚን አንሷል ይላል።

ቤንዚን ሞተር ውስጥ ብቻውን አይነድም። ከአየር ጋር መደባለቅ አለበት። ልኩ በክብደት ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «ሽሮ ነው በይኛ» አሉ። ልክ ናቸው። ውሃ ከበዛበት ይቀጥናል፤ ሽሮው ከበዛ ይጓጉላል። በጋሼ ሞተር ውስጥ ሽሮው ቀጥኗል።

አሁን የጋራዡን ስህተት እንመልከት። የኦክስጅን ሴንሰሩ የተተከለው ጭሱ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። ሥራው ከተቃጠለ በኋላ የተረፈውን ኦክስጅን መለካት ነው። «ኦክስጅን በዝቷል» ብሎ ለኮምፒዩተሩ የተናገረው እሱ ነው። ጋራዡ ታዲያ ተናጋሪውን አወጣና ሌላ ተናጋሪ ተከለ። አዲሱም ያንኑ ተናገረ። ልጅ አተኩሶት ቴርሞሜትሩ 39 ሲል ቴርሞሜትሩን ጥሎ አዲስ እንደመግዛት ነው።

በእኔ ሙያ ይህን ነገር በየቀኑ እናየዋለን። አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ የስህተት መልእክት ይጽፋል። መልእክቱ ሕመሙ የተሰማበትን ቦታ ይናገራል፤ በሽታው ያለበትን ቦታ ላይናገር ይችላል። እኔም ይህን ለጋሼ በኩራት አስረዳኋቸው። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁና ሳቁብኝ።

ስልኬን አውጥቼ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። ብዙ ሰው «ለፒ0171 ምክንያቱ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ነው» ብሎ ጽፏል። ይህ ሴንሰር ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ይገኛል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ይለካል፤ ሲቆሽሽ አሳንሶ ይለካል። ምክንያቱ እውነት ይመስላል። በ140 ዶላር አዘዝኩ። ማክሰኞ ማታ በካቻቢቴ ሁለት ብሎን ፈትቼ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ተከልኩ። 10 ደቂቃ አልፈጀም። ኮዱን አጠፋሁና እጄን ታጥቤ እንደ ሐኪም ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ መብራቷ በራች።

ጋሼ ምንም አላሉም። ቡና ቀዱልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ መዝገብ ሳያነብ፣ ሳይለካ፣ እየገመተ ፕሮግራም ቢቀይር እኔ ዝም አልለውም። ጋራዡ በ310 ዶላር የሠራውን ስህተት እኔ በ140 ዶላር ደገምኩት። ልዩነቱ እኔ የገመትኩት ሌላ ዕቃ መሆኑ ብቻ ነው። አሁን የቀረን 10 ቀን ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደ ሰው ሠራሁት። መጀመሪያ ኮዱን አላጠፋሁም። ይህን አስምሩበት። ኮምፒዩተሩ መብራቱን ሲያበራ የዚያን ቅጽበት ሁኔታ እንደ ፎቶ አድርጎ ያስቀምጣል። ፍጥነቱ ስንት ነበር? ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞር ነበር? ሙቀቱስ? ኮዱን ስታጠፉ ይህ ፎቶ አብሮ ይጠፋል። ጋሼ አንዴ አጥፍተውታል፤ እኔ ሳላየው ሁለተኛ አጥፍቼዋለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ግን አነበብኩት። ፍጥነት 0። የሞተር ዙር 690። የውሃው ሙቀት 91 ዲግሪ። እንግዲህ ችግሩ የተመዘገበው መኪናዋ ሞቃ፣ ቆማ፣ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ ነው።

«ሚኒሞ ላይ» አሉ ጋሼ። ሚኒሞ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛው ዙር ሲሠራ ማለት ነው። ይህም ጣሊያንኛ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች ተመለከትኩ። የመኪናው ኮምፒዩተር ድብልቁ ሲሳሳ ዝም ብሎ አያይም፤ ቤንዚን ይጨምራል። ስንት በመቶ እንደጨመረም ይመዘግባል። አንደኛው ቁጥር የአሁኑ ማስተካከያ ነው፤ በየሰኮንዱ ይለዋወጣል። ሁለተኛው የቆየው ማስተካከያ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በቀናት ውስጥ የተማረው። ሁለቱ ተደምረው ከዜሮ ወደላይም ወደታችም ከ10 በመቶ ካልራቁ ሞተሩ ጤነኛ ነው ይባላል። በጋሼ መኪና የአሁኑ 7፣ የቆየው 21 ነበር። ድምሩ 28 በመቶ ጭማሪ። ኮምፒዩተሩ ለሳምንታት ቤንዚን ሲጨምር፣ ሲጨምር ቆይቶ አልችልም ሲል ነው መብራቷን ያበራው።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። ጋሼ ነዳጁን ረገጥ አድርገው ዙሩን 2,500 ላይ እንዲይዙልኝ ጠየቅኋቸው። ድምሩ ከ28 ወደ 6 ወረደ።

ይህቺ አንዲት መውረድ ሁሉንም ነገረችኝ። የአየር መለኪያው ቆሽሾ ቢሆን፣ ብዙ አየር በገባ ቁጥር ስህተቱ አይቀንስም ነበር። የቤንዚን ፓምፑ ደክሞ ቢሆን፣ ብዙ ቤንዚን ሲጠየቅ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ሚኒሞ ላይ የከፋ፣ ሲረገጥ የሚሻለው ችግር አንድ ነው፤ ሳይለካ በስንጥቅ የሚገባ አየር። ቤታችሁን አስቡት። በሩ ሲዘጋ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ንፋስ ያፏጫል። በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ስንጥቁን ማን ያስተውለዋል? ሞተርም ሚኒሞ ላይ በሩ ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ በጣም ትንሽ አየር ነው የሚስበው፤ ስለዚህ በስንጥቅ የገባችው ጥቂት አየር ትልቅ ድርሻ ይኖራታል። ሲረገጥ በሩ ይከፈታል፤ ያቺው ጥቂት አየር ከብዙው መካከል ትጠፋለች።

ይህን ከመጀመሪያው ባየው ኖሮ 140 ዶላሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ስንጥቁ የት እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ጋራዦች ሞተሩ ውስጥ ጭስ ነፍተው በየት እንደሚወጣ ያያሉ። እኛ ያ መሣሪያ የለንም። ተቀጣጣይ ፈሳሽ እየረጩ የሚፈልጉም አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ስለሆነ እኔ አላደርገውም፣ እናንተም አታድርጉት።

ጋሼ ወደ ጓሮ ሄዱና ያረጀ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዘው መጡ። አንድ ሜትር ያህል ቆረጡለት። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ እያንቀሳቀሱ ማዳመጥ ጀመሩ። እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ ከሚዞረው ቀበቶ ርቀዋል። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የፊያት ኤንትሬ ረዳት ነበሩ። ረዳት ማለት ከሾፌሩ ጋር የሚጓዝ፣ ጎማ የሚቀይር፣ ዕቃ የሚጠብቅ፣ ሞተር የሚያዳምጥ ልጅ ነው። በዚያ በረሃ ውስጥ መኪና ከቆመ ጋራዥ የለም። ኮድም የለም።

«ሞተር ሲያመው ይናገራል። እናንተ ሬዲዮ ከፍታችሁ ነው የማትሰሙት» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው።

አራት ደቂቃ ያህል ፈለጉ። ከዚያ «እዚህ ጋ ያፏጫል» አሉ። ጎማውን ተቀብዬ አዳመጥኩ። ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር ስስ የሆነ የፉጨት ድምፅ አለ። በዓይን አይታይም። ስልኬን አስገብቼ ቪዲዮ ቀረጽኩ። የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ጥቁር የጎማ ቱቦ አለች፤ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትነት መልሳ ወደ ሞተሩ የምታስገባ። መታጠፊያዋ ላይ የጥፍር ርዝመት ያህል ተሰንጥቃለች። በዓመታት ሙቀት ደርቃለች፤ ስትነካ እንደ ቆሎ ትሰባበራለች።

ጋሼ እጃቸውን አስገብተው ስንጥቁን በጣታቸው ጨፈኑት። የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። እኔ ስልኬ ላይ ቁጥሩን እያየሁ ነበር። የአሁኑ ማስተካከያ ከ7 ተነስቶ ከዜሮ በታች 18 ድረስ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮምፒዩተሩ በልማድ 21 በመቶ እየጨመረ ነው፤ አየሩ ሲዘጋ ግን ቤንዚኑ በዛበትና በፍጥነት መቀነስ ጀመረ። «ያዙት፣ ያዙት!» ብዬ ጮህኩ። «ያቃጥላል እኮ!» ብለው ጮሁ። ለቀቁት። ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። ጆሯቸውና ቁጥሬ አንድ ነገር ተናገሩ።

ቱቦዋ 23 ዶላር ነበረች። ረቡዕ መጣች፤ ያን ምሽት ቀየርናት። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ አንድ ሰዓቱ ሞተሩ ውስጥ የወደቀች ብሎን ፍለጋ ነው።

ጋሼ ማንበቢያቸውን አንስተው «አጥፋ» የሚለውን ሊጫኑ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። አሁን መርማሪው «ዝግጁ አይደለችም» ያለበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የመኪናው ኮምፒዩተር ራሱን የሚፈትንባቸው ፈተናዎች አሉት። ካታላይቲክ ኮንቨርተሩን ይፈትናል፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን ይፈትናል፣ የቤንዚን ትነት የሚያፈስ ቀዳዳ መኖሩን ይፈትናል። ኮድ ስታጠፉ የእነዚህ ፈተናዎች ውጤት ሁሉ ይሰረዛል፤ ባትሪ ስትነቅሉም እንዲሁ። መርማሪው ይህን ያያል። ለ2001 ሥሪትና ከዚያ በኋላ ላሉ የቤንዚን መኪናዎች ያላለቀ ፈተና አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ለቀደሙት፣ ለ1996 እስከ 2000፣ ሁለት ይፈቀዳል። 1996 አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥርዓት፣ ኦቢዲ 2 የሚባለው፣ በሁሉም አዲስ መኪናዎች ላይ ግዴታ የሆነበት ዓመት ነው። አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩ የቤንዚን መኪናችሁ ከ2001፣ ናፍጣው ከ2004 ወዲህ የተሠራ ከሆነ ተመሳሳይ ነገር አለው። መሰኪያው ከመሪው በታች፣ ጉልበታችሁ አካባቢ ነው፤ 16 ቀዳዳ አለው።

ችግሩ ከተወገደ መብራቷ ራሷ ትጠፋለች። ኮምፒዩተሩ በተከታታይ ሦስት ጉዞ ስህተቱን ካላገኘ ያጠፋታል። ጋሼ አላመኑኝም። አርብ ማታ ግን «ጠፋች፤ ማንም አልነካትም» ብለው ደወሉ።

ሁለት ፈተናዎች ቀሩ፤ የካታላይቲክ ኮንቨርተሩና የቤንዚን ትነቱ። አንደኛው እንዲያልቅ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ረጅም መንገድ መንዳት ያስፈልጋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በ270 አውራ ጎዳና ወደ ፍሬድሪክ ወጣን። ጋሼ 55 ማይል ላይ ያዙት፤ ሁሉም እየቀደመን ያልፋል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ ነው። ልቤ ትንሽ ትመታ ነበር፤ ምክንያቱም ያ 1,900 ዶላር ያለው እዚህ ፈተና ውስጥ ነው። ኮንቨርተሩ ሞቶ ከሆነ ፒ0420 ይመጣል። ከ20 ደቂቃ በኋላ «አልቋል» የሚል ምልክት መጣ። ኮድ የለም። ኮንቨርተሩ ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው ፈተና አስቸጋሪ የሆነው በመኪናዋ ምክንያት አይደለም። የትነት ፈተናው የሚሠራው ታንኩ ከሩብ በላይና ከሦስት ሩብ በታች ሲሆን ነው። ጋሼ ደግሞ በየማለዳው ታንካቸውን ሞልተው ነው የሚወጡት።

«ጋሼ፣ ለሁለት ቀን ግማሽ ይሁን» አልኳቸው።

«በግማሽ ታንክ መንገድ አይወጣም።»

«እዚህ እኮ በየማዕዘኑ ማደያ አለ።»

«አንድ ያላለቀ ይፈቀዳል አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ታንኬን ተይልኝ።»

ሳልረሳው አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ቀልድ የለውም። ቢጫዋ መብራት ሳትቋረጥ ከበራች ጥቂት ቀን መንዳት ይቻላል፤ ሞተሩ እንግዳ ድምፅ ካላሰማ፣ ሙቀቱም ካልጨመረ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ነዳጅ መርገጡን አቁሙ፤ በሚመች ቦታ ጥግ ያዙ። እሳት እየሳተ ነው ማለት ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታላይቲክ ኮንቨርተሩ ይሄድና እዚያ ይነዳል፤ ጤነኛውን ኮንቨርተር በደቂቃዎች ሊያበላሽ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ መኪናችሁ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ካልሞላው፣ ኮንቨርተሩና የሞተሩ ኮምፒዩተር በፌዴራል ሕግ ዋስትና አላቸው። ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ኮዱን ለማስነበብም ብዙ የመኪና ዕቃ መደብሮች ገንዘብ አያስከፍሉም።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ስብሰባ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ቀነ ገደቡ ረቡዕ ነበር። ወጥቼ አነሳሁት።

«አለፍን» አሉኝ ጋሼ።

«እሰይ! አሁን የት ነዎት?»

ከጀርባቸው የማደያ ማሽን ድምፅ ይሰማ ነበር። «ታንክ እየሞላሁ ነው» አሉ።